ከጓዳ ጠረጴዛ እስከ አትላንቲክ ማዶ

በኦገስት 1871 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አልፎንስ ፔኖ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ፓሪስ ወደሚገኘው የቱይለሪ መናፈሻ መጣ። አባቱ አድሚራል ነበሩ። እሱ ግን በዳሌው ሕመም ምክንያት የባሕር ኃይልን መቀላቀል ስላልቻለ ልቡን ወደ ሰማይ አዞረ። አውሮፕላኗ ሞተር የላትም፤ የተጠመዘዘ ላስቲክ ሲፈታ ከበስተኋላዋ ያለውን ፕሮፔለር ያሽከረክራል። ተመልካች ፊት ለቀቃት። 11 ሰከንድ አየር ላይ ቆይታ 40 ሜትር ያህል ከበረረች በኋላ አረፈች።

ርቀቱ ትንሽ ነው። ታላቁ ነገር ማንም ሳይመራት ሚዛኗን ጠብቃ መሄዷ ነበር። ፔኖ የጭራዋን አግድም ክንፍ ከዋናው ክንፍ ትንሽ ዝቅ ባለ ማዕዘን አስሮት ነበር። አፍንጫዋ ሲደፋ ጭራዋ ወደ ታች እየተጫነ ቀና ያደርጋታል፤ አፍንጫዋ ከመጠን በላይ ሲነሳ ደግሞ ጭራዋ ወደ ላይ እየተገፋ ይመልሳታል። ከዚያ ወዲህ በየጓዳው የተሠሩ ሞዴል አውሮፕላኖች አብዛኞቹ በዚህች ማዕዘን የቆሙ ናቸው።

የፔኖን ፈለግ የተከተሉ የላስቲክ አሻንጉሊቶች ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገቡ። በ1878 ሚልተን ራይት የተባሉ የቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ከጉዞ ሲመለሱ ለሁለቱ ትንንሽ ልጆቻቸው፣ ለዊልበርና ለኦርቪል፣ በላስቲክ ኃይል ሽቅብ የምትነሳ መጫወቻ ይዘውላቸው መጡ። ልጆቹ እስክትሰበር ተጫወቱባት። ከዚያ ራሳቸው ሌላ ሠሩ፤ ከዚያ ደግሞ አተለቋት። ባተለቋት ቁጥር ግን አልነሳ አለች። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የአንድ ነገር መጠን በሁሉም በኩል በሁለት እጥፍ ሲያድግ የክንፉ ስፋት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ክብደቱ ግን ስምንት እጥፍ። የሞዴል አውሮፕላን ታሪክ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከግራም ጋር የተደረገ ትግል ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ራይት ወንድማማቾች በ1903 ሰው ጭነው መብረራቸውን ሁሉም ያውቃል። የታሪኩ ሌላኛው ግማሽ፣ ማለትም ከሩቅ ሆኖ የማዘዝ ጥበብ፣ ከእነሱ ቀድሞ ነበር የተወለደው። በ1898 ኒኮላ ቴስላ ኒው ዮርክ በሚገኘው ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ገንዳ ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ አስቀምጦ ያለ ምንም ሽቦ በሬዲዮ ሞገድ አዟታል። ጀልባ ግን ውሃ ይሸከማታል፤ ባትሪውም ጥቅልሉም ቢከብድ አትሰምጥም። ያንኑ ዕቃ ወደ አየር ለማንሳት ሌላ 40 ዓመት ፈጀ።

የመጀመሪያው እርምጃ የመጣው ከሞተር በኩል ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፊላዴልፊያ ውስጥ ቢል ብራውን የተባለ ወጣት «ብራውን ጁኒየር» የምትባል 10 ሲሲ የማትሞላ የቤንዚን ሞተር ሠራ። ጓደኛው ማክስዌል ባሴት ሞተሯን ሞዴሉ ላይ ገጥሞ በ1933 ብሔራዊ ውድድር የላስቲክ አውሮፕላኖችን አሸንፎ ዋንጫዎቹን ጠራርጎ ወሰደ። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ ሞተር ላላቸው ለብቻቸው ምድብ አወጡላቸው። ይሁን እንጂ ሞተሩ አዲስ ችግር ይዞ መጣ። የላስቲክ አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ሜዳውን ተሻግራ ታርፋለች። ባለ ሞተሯ ግን ከተለቀቀች ወዲያ የባለቤቷ አይደለችም፤ ነፋሱ ይዟት ይሄዳል። ባለቤቱ በእግር፣ በብስክሌት፣ ከቻለም በመኪና እየተከተለ አንዳንዴ ያገኛታል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ አያገኛትም። ሳምንታት የተለፋባትን ነገር በዓይን እያዩ ማጣት ከባድ ነው። ሬዲዮን ወደ ሞዴል አውሮፕላን ያመጣው «ተመለሺ» ብሎ የማዘዝ ፍላጎት ይመስለኛል።

እዚህ ላይ መንትዮቹ ዋልተርና ዊልያም ጉድ ይመጣሉ። ካላማዙ በምትባል የሚሺጋን ከተማ ነበሩ። ዋልተር አውሮፕላን ሠሪ ነው፣ ዊልያም ደግሞ የአማተር ሬዲዮ ሰው። ሥራውን በዚሁ ተከፋፈሉት። በ1937 «ጋፍ» ብለው የሰየሟት አውሮፕላን በሬዲዮ እየታዘዘች በረረች። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.4 ሜትር ያህል ነው፤ ክብደቷም 4 ኪሎ ገደማ። እንዲህ የተለቀችው ለማማር ብለው አይደለም። የዘመኑ ሬዲዮ የመስታወት ቫልቭ ያለው ነው፤ ቫልቩን የሚያሞቅ አንድ ባትሪ፣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚሰጥ ሌላ ባትሪ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለመሸከም ትልቅ ክንፍ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ክንፍ ትልቅ ሞተር ይፈልጋል፤ ትልቅ ሞተር ደግሞ ያንቀጠቅጣል። መንቀጥቀጡ የሬዲዮውን ስስ መገናኛዎች ያላቅቃል። የካንዴላው ብልጭታም ራሱ የሬዲዮ ሁከት ስለሆነ ተቀባዩን ያደነቁረዋል። አንዱን ችግር ሲፈቱ ሌላው ይመጣል። የዚያ ዘመን ሰዎች ተቀባዩን በላስቲክ አንጠልጥለው ከመንቀጥቀጡ ያሳርፉት ነበር።

በዚያው በ1937 ዲትሮይት ላይ በተካሄደው ብሔራዊ ውድድር በሬዲዮ ለሚመሩ አውሮፕላኖች ምድብ ተከፈተና 6 ሰዎች ቀረቡ። ያሸነፈው ቼስተር ላንዞ ነው። የእሱ አውሮፕላን ከሁሉም ቀላሏና ያልተወሳሰበችው ነበረች፤ በረራዋ አጭርና ወጣ ገባ ቢሆንም እንኳ ከሌሎቹ የተሻለ ታዝዛለች። የጉድ ወንድማማቾች ከሽንፈቱ ተምረው ዕቃቸውን አሻሻሉ። በ1938 አሸነፉ፤ በ1939ና በ1940ም ደገሙት።

አውሮፕላኗ እንዴት ትታዘዝ እንደነበር ማወቅ የዘመኑን ሰዎች ትዕግሥት ያሳያል። የዛሬው ሰው ሁለት ዘንግ ይዞ አውራ ጣቱን በገፋው መጠን አውሮፕላኑ ይታጠፍለታል። የዚያን ጊዜው ሰው የያዘው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ተጫነ ወይም ለቀቀ። አውሮፕላኗ ውስጥ ኤስኬፕመንት የሚሉት ትንሽ ጥርስ ያለው መዘውር በተጠመዘዘ ላስቲክ ይጎተታል። ምልክት በመጣ ቁጥር ኤሌክትሮማግኔቱ አንድ ጥርስ ያሳልፈዋል፦ ቀኝ፣ መሀል፣ ግራ፣ መሀል። ወደ ግራ ለመታጠፍ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቀኝን ማለፍ አለበት። ስለዚህ አብራሪው ያለፈውን ትእዛዝ በልቡ እየቆጠረ ይይዛል። ቆጠራው ከተምታታበት ግራ ሲል ቀኝ ትሄዳለች። ላስቲኩ አየር ላይ ተፈትቶ ካለቀ ደግሞ ትእዛዝ የሚባል ነገር አበቃ።

ሆሊውድ ውስጥ በዚያው ዘመን ሬጂናልድ ዴኒ የተባለ እንግሊዛዊ የፊልም ተዋናይ በዚሁ ፍቅር ተይዞ ነበር። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ጓድ ባልደረባ ነበር። በ1934 ሆሊውድ ጎዳና ላይ የሞዴል አውሮፕላን መሸጫ ሱቅ ከፈተ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የፀረ አውሮፕላን ተኳሾች የሚለማመዱበት ርካሽ ኢላማ ቢኖርስ? የመጀመሪያው ሙከራ በወታደሮቹ ፊት ተከሰከሰ። ዴኒ ግን አልተወውም። ሬዲዮፕሌን የተባለው ኩባንያው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ለአሜሪካ ጦር 15 ሺህ የሚጠጉ በሬዲዮ የሚመሩ የኢላማ አውሮፕላኖችን አመረተ። በጦርነቱ ማብቂያ አካባቢ አንድ የጦር ሠራዊት ፎቶ አንሺ ቫን ናይስ ወደሚገኘው ፋብሪካ ሄዶ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ፕሮፔለር ይዛ ያነሳት ፎቶ ዛሬም ይታወሳል፤ ልጅቷ በኋላ ማሪሊን ሞንሮ የተባለችው ናት። ታሪኩ በተነሳ ቁጥር ሰው ሁሉ ስለ ፎቶው ያወራል። እኔን የሚገርመኝ ግን ፎቶው ውስጥ ያለው ሌላው ነገር ነው፤ የሱቅ መደርደሪያ ላይ የተጀመረ የትርፍ ጊዜ ሥራ በ10 ዓመት ውስጥ ፋብሪካ ሆኖ መታየቱ።

ጦርነቱ ዋልተር ጉድንም ወደ መንግሥት ሥራ ወሰደው። በሜሪላንድ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ገባ። ላቦራቶሪው የተቋቋመው ኢላማው አጠገብ ሲደርስ ራሱ የሚፈነዳ ባለ ሬዲዮ የመድፍ ጥይት ለመሥራት ነበር። ይህም ማለት ከመድፍ አፍ ሲወጣ የማይሰበር ትንሽ ቫልቭ መሥራት ማለት ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ የማሳነስ ዕውቀት ወደ ሲቪሉ ገበያ ፈሰሰ። ጋፍ እንደገና ወጥታ በ1947 ብሔራዊ ውድድር አሸነፈች። በ1960 ወንድማማቾቹ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሰጧት።

1947 በሌላ ነገርም መታወስ አለበት። በዚያ ዓመት ሬይ አርደን ግሎ ፕላግ የሚባለውን ለገበያ አቀረበ። ይህች ካንዴላ መሳይ ዕቃ በውስጧ የፕላቲኒየም ሽቦ አለባት። ለማስነሳት ብቻ በባትሪ ትግላለች፤ ከዚያ በኋላ የሜታኖል ነዳጅ ከፕላቲኒየሙ ጋር ሲገናኝ በራሱ ግለቱን ይጠብቃል። ጥቅልሉ፣ ኮንደንሰሩና የማቀጣጠያው ባትሪ በአንድ ጊዜ ከአውሮፕላኑ ወጡ። ክብደቱ ቀነሰ፤ የብልጭታው የሬዲዮ ሁከትም ጠፋ። ሜታኖሉ ከጉሎ ዘይት ጋር ስለሚቀላቀል ሜዳው ሁሉ የተቃጠለ ጉሎ ይሸት ጀመር። አሮጌዎቹ አብራሪዎች ይህን ሽታ ሲያስታውሱ ዓይናቸው ይበራል። ወዲያውም በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት በ27 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ፈተና ሳይጠይቅ ሞገድ ስለፈቀደ፣ የሬዲዮ ቋንቋ ያልተማረ ሰውም አውሮፕላን ማዘዝ ቻለ።

ከኤስኬፕመንቱ ወዲያ የመጣው መፍትሔ ሪድ ይባላል። በአውሮፕላኑ ተቀባይ ላይ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ስስ የብረት ቅጠሎች በተርታ ይደረደራሉ። ከመሬት የተላከው ድምፅ እንደ ክራር ክሮች እያንዳንዱን በየራሱ ቅኝት ይነቀንቀዋል፤ አንዱ ቅጠል ሲርገበገብ የቀኝ ማዞሪያውን ይነካል፣ ሌላው የግራውን፣ ሌላው ሞተሩን። አሁን አብራሪው መቁጠር ቀረለት፤ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ማብሪያ አለው። ሆኖም ትእዛዙ አሁንም ሙሉ ወይም ባዶ ነው። ጥቂት ለመታጠፍ የፈለገ ሰው ማብሪያውን ቶሎ ቶሎ መንካት ነበረበት። በዚህ ዕቃ ነው የቺካጎው ኤድ ካዝሚርስኪ «ኦርዮን» በተባለች አውሮፕላኑ በ1960 ስዊዘርላንድ፣ ዱበንዶርፍ ላይ የተደረገውን የመጀመሪያውን የሬዲዮ አክሮባቲክስ የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈው። ጣቶቹ ምን ያህል እንደሠለጠኑ አስቡት፤ አየር ላይ ክብ የሚሥል ሰው በእጁ ያለው ማብሪያ ብቻ ነው።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ከትራንዚስተር ጋር ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳግ ስፕሬንግና ዶን ማቲስ «ዲጂኮን» የተባለውን የዲጂታል መመሪያ ሠሩ። መሠረቱ ዛሬም ያልተለወጠ ነው። ለእያንዳንዱ መሪ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይላካል። ምቱ 1 ሚሊሰከንድ ከቆየ ሰርቮው ወደ አንድ ጫፍ ይሄዳል፤ 2 ሚሊሰከንድ ከቆየ ወደ ሌላው፤ 1.5 ከሆነ መሀል ላይ ይቆማል። በዚህ መንገድ ጣት በሄደ መጠን መሪው መሄድ ቻለ። ፊል ክራፍት የተባለው ካሊፎርኒያዊ ይህን ዕቃ በብዛት አምርቶ ሸጠ። በራሱ ንድፍ «ክዊክ ፍላይ» ደግሞ በ1967 ኮርሲካ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሻጩ ራሱ ምርጡ አብራሪ ነበር፤ ዕቃው ሲሰናከል ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

አሁን ሞዴል ሠሪው ምን ላይ ተቀምጦ ምን ይሠራ እንደነበር ልናገር። ጠረጴዛው ላይ ሙሉውን ንድፍ ያነጥፋል፤ እንዳይጣበቅበት ላዩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። ባልሳ የሚባለው ከአብዛኛው እንጨት የቀለለ ዛፍ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ከአንዱ ዛፍ የተቆረጡ ሁለት ሰሌዳዎች እንኳ ክብደታቸው ስለሚለያይ ጠንቃቃው ሠሪ ሱቅ ውስጥ ሚዛን ይዞ ይመርጣል። ከባዱን ለክንፉ አከርካሪ፣ ቀላሉን ለጭራው። ጭራ ላይ የተጨመረች እያንዳንዷ ግራም አፍንጫው ላይ ከአንድ በላይ ግራም ታስከፍላለች፤ አለበለዚያ ሚዛኑ ይፋለሳል። የጎድን አጥንቶቹን በምላጭ ይቆርጣል፣ በመርፌ ይወጋጋል፣ ያጣብቃል፣ በአሸዋ ወረቀት ያለሰልሳል። ድሮ ሐር ወይም ስስ ወረቀት ያለብሰውና ቀለም እየቀባ ይወጥረው ነበር። ከ1960ዎቹ ወዲህ በካውያ ሲተኮስ የሚኮማተር ፕላስቲክ መጣ። ብዙ ሰው ግን እዚህ አያቆምም። የተገዛው ንድፍ ላይ ክንፉን ያስረዝማል፣ የመሪውን ስፋት ይለውጣል፣ የሞተሩን ማዕዘን ሁለት ዲግሪ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ በማግሥቱ ሜዳ ሄዶ ልዩነቱን ያያል። ያ ማግሥት ነው ሥራውን ጣፋጭ የሚያደርገው።

የዚህ ዓይነቱ ማሻሻል ያላደረሰው ቦታ የለም። በጀርመን ዲተር ሽሉተር ሄሊኮፕተርን በሬዲዮ ለማብረር ዓመታት ታግሎ በ1970 ጁን ወር የመጀመሪያዎቹን የሬዲዮ ሄሊኮፕተር ክብረ ወሰኖች አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ፣ ዳልግረን ከሚገኘው የባሕር ኃይል ሜዳ የተነሳች አንዲት ሞዴል አውሮፕላን 8,205 ሜትር ከፍታ ደረሰች። በዚያ ከፍታ የራስን ሥራ በባዶ ዓይን ማየት አይታሰብም። ባለቤቷ ሜይናርድ ሂል ይባላል።

ሂል በ1926 ፔንስልቬኒያ ውስጥ ተወለደ። ሙያው የብረታ ብረት ምርምር ነው። የሠራውም ዋልተር ጉድ በሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ የሁለቱ ሰዎች ታሪክ እዚህ ይገናኛል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው አንድ ሐሳብ የአእምሮውን አካሄድ ያሳያል። አየሩ በጠራ ቀን ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ በተባለ ቁጥር በአየሩ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ በ100 ያህል ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ፣ አለ ሂል፣ አውሮፕላኗ ክንፏን ስታዘነብል ዝቅ ያለው ጫፍና ከፍ ያለው ጫፍ የተለያየ ቮልቴጅ ያገኛሉ። በሁለቱ ጫፎች ላይ መለኪያ አስቀምጦ ልዩነቱን ወደ መሪው ላከው፤ አውሮፕላኗም ያለ ሰው እጅ ቀጥ ብላ በረረች። ውድ ጋይሮስኮፕ ለማግኘት በማይቻልበት ጊዜ ሰማዩን ራሱን ሚዛን አደረገው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ፈጠራዎች ሁሉ ከዚህ የበለጠ የምወደው የለም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ልቡን ያዘው፦ ሞዴል አውሮፕላን አትላንቲክን ታቋርጥ። በ1998 «ላይማ» የተባለች ሰው አልባ አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ ተነስታ ስኮትላንድ ደሴቶች ላይ አርፋ ነበር፤ ነገር ግን እሷ በባለሙያ ድርጅቶች የተሠራችና 13 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ነበረች። ሂል የፈለገው በዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን የሞዴል ደንብ ውስጥ ሆኖ ማቋረጥ ነው፦ ነዳጇን ጨምሮ ከ5 ኪሎ የማትበልጥ፣ ሞተሯ ከ10 ሲሲ የማይበልጥ። ያኔ ዕድሜው ከ70 አልፏል። ጆሮው ደክሟል። የዓይኑ መሀል እይታ በሕመም ጠፍቶ በሕግ ዓይነ ስውር ተብሏል።

ሒሳቡ ጨካኝ ነበር። ባዶዋ አውሮፕላን 2.7 ኪሎ ከመዘነች ለነዳጅ የሚቀረው ከ2.3 ኪሎ አይበልጥም። ይህንን ለ39 ሰዓት ያህል ለማድረስ በሰዓት 60 ግራም ገደማ ብቻ ማቃጠል ይገባል። ሂል የመረጠው ማንም ከሱቅ ገዝቶ የሚገጥመውን የጃፓኑን ኦ.ኤስ. 10 ሲሲ ባለ አራት ምት ሞተር ነው። ከዚያ ለወጠው። ሜታኖል ሲቃጠል የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን ዓይነቱ ነዳጅ ግማሽ ያህል ስለሆነ ሜታኖሉን ተወውና ለካምፕ ፋኖስ የሚሸጠውን የኮልማን ነዳጅ ያዘ። ግሎ ፕላጉን አውጥቶ የጉድ ወንድማማቾች ዘመን የነበረውን የካንዴላ ብልጭታ መለሰ። ካርቡሬተሩን ጥቂት ነዳጅ ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጎ እንደገና አበጀው። ሞተሩን አስሮ ለረጅም ሰዓታት ያስኬደዋል፤ ነዳጁን ይመዝናል፤ መርፌውን በጥቂቱ ይነካል፤ ደግሞ ያስኬደዋል። ሙከራዎቹ የተደረጉት ሜሪላንድ ውስጥ ቢቸር በትስ በሚባሉ ሰው እርሻ ላይ ነበር። አውሮፕላኗም የባለ እርሻውን ውለታ ይዛ «የበትስ እርሻ መንፈስ» ተባለች። የሥራ ስሟ ታም-5 ነው።

አውሮፕላኗን ቆሞ ላያት የምትገርም አልነበረችም። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.83 ሜትር ነው፣ ቁመቷ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል፤ ባልሳ እንጨት ነች፣ በፕላስቲክ የተሸፈነች። ዓይን የሚስበው የውስጧ ነው፦ ጂፒኤስ ተቀባይ፣ መንገዷን የሚያስተካክል ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ያለችበትን ቦታ በሳተላይት የሚልክ አስተላላፊ። ይህን ክፍል የሠሩት ሂል ዙሪያ የተሰበሰቡ በጎ ፈቃደኛ የሙያ ሰዎች ናቸው። ደመወዝ አልነበረም።

ኦገስት 2002 ላይ ኒውፋውንድላንድ ሄደው ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ሦስቱም አልደረሱም። የአንድ ዓመት ሥራ ሦስት ጊዜ ባሕር ሲበላው ብዙ ሰው ይተወው ነበር። ሂልና ጓደኞቹ ወደ ሜሪላንድ ተመልሰው ሌሎች ሠሩ፤ በቀጣዩ ኦገስትም ተመልሰው እዚያው ቆሙ። በ2003 ኦገስት 8 ምሽት ታም-4ን ለቀቁ። እሷም ጠፋች።

በማግሥቱ፣ ኦገስት 9 ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ኬፕ ስፒር በተባለው የኒውፋውንድላንድ ጫፍ ሂል ታም-5ን በእጁ ወርውሮ ለቀቃት። ማየት ስለማይችል መሬት ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ የያዘው ሌላ ሰው ነው። ከፍ ብላ መስመሯን ስትይዝ አዛዡን ወደ ኮምፒዩተሩ አዞሩትና ወደ ምሥራቅ ሄደች። ምሽቱ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ በ38 ሰዓት ውስጥ ትደርሳለች ካሉ ማዶ ላይ የምትታየው በቀን ነው፤ የሚያሳርፋት ሰው ደግሞ ሊያያት ይገባል። ነፋሱም ከምዕራብ ስለሚነፍስ ያግዛታል። 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆና ሌሊቱን በረረች፤ ቀኑን በረረች፤ ሁለተኛውንም ሌሊት። በመሀሉ የሳተላይት መልእክቷ ለሰዓታት ተቋረጠ። መሬት ላይ ያሉት ሰዎች በዚያ ጊዜ የነበራቸው ማስረጃ ዝምታ ብቻ ነው፤ ከዚህ በፊት አራት ጊዜም ዝምታ ማለት ባሕር ማለት ነበር። ከዚያ መልእክቱ ተመለሰ። መስመሯ ላይ ነበረች።

አየርላንድ፣ ካውንቲ ጎልዌይ፣ ክሊፍደን አጠገብ ማኒን በተባለው የባሕር ዳርቻ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቅ ነበር። ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም። በጁን 1919 አልኮክና ብራውን ከኒውፋውንድላንድ ተነስተው የመጀመሪያውን ያለማቋረጥ የአትላንቲክ በረራ ያጠናቀቁት ክሊፍደን አጠገብ ባለ ረግረግ ላይ ነው። አሁን መቆጣጠሪያውን ይዞ የቆመው የአሜሪካ የሞዴል አቪዬሽን ማኅበር ፕሬዝዳንት ዴቭ ብራውን ነበር። በኦገስት 11 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ሲል ታየች። ብራውን ኮምፒዩተሩን አቋርጦ ያዛትና አሳረፋት። 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ያህል በርራለች፤ ርቀቱም 3,030 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከነዳጇ የቀራት በጣም ጥቂት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ ፈጣን ነው። በ2005 ስፔክትረም የተባለው ድርጅት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ለሞዴል አብራሪዎች አወጣ። እስከዚያ ድረስ በየሜዳው ሰሌዳ ይሰቀል ነበር፤ ለማብረር የፈለገ ሰው የሞገዱ ቁጥር የተጻፈበትን የልብስ መቆንጠጫ ከሰሌዳው አንስቶ መቆጣጠሪያው ላይ ይሰካል፣ መቆንጠጫውን ያላገኘ አያበራም። ሁለት ሰው በአንድ ሞገድ ካበራ አንዱ አውሮፕላን መሬት ላይ ነው። አዲሱ መቆጣጠሪያ ከራሱ አውሮፕላን ጋር ብቻ ስለሚነጋገር መቆንጠጫው ከሰሌዳው ወረደ። ሊቲየም ባትሪና ብሩሽ የሌለው ሞተር የጉሎውን ሽታ ከብዙ ሜዳ አስወጡት። በ2000ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ንድፋቸው ለሁሉም የተከፈተ ርካሽ አውቶፓይለቶች መጡና የሂል ጓደኞች ለዓመታት የለፉበትን ሥራ በኪስ ገንዘብ የሚገዛ ሰሌዳ ሠራው።

ሜይናርድ ሂል በጁን 2011 በ85 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የተመዘገቡት የዓለም ክብረ ወሰኖች 25 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ የአትላንቲኩን የርቀትና የቆይታ ክብረ ወሰን ያስገኘችለት አውሮፕላን የተሠራችው ዓይኑ ማየት ካቃተው በኋላ ነው።